ላሟ ስንት ትጋጥ? በስንዝር፣ በጋትና በገመድ ግጦሽን መምራት

ክረምት ላይ ዳንግላም በሉት ሜጫ ገጠር ውስጥ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ሜዳው አረንጓዴ ነው። ከብቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። በረት ሲገባ ግን ሆዱ ጎድጉዷል። እረኛውን ብትቆጡት «ኧረ ሲግጥ ነው የዋለ!» ይላችኋል። ልጁ አልዋሸም። ሲግጥ ውሏል፤ አልበላም እንጂ።

መጋጥና መብላት አንድ አይደሉም። እኔም ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሜዳ ላይ ለቀን «እንግዲህ እሷ ታውቃለች» ማለት ለምደናል። ላሟ ጣፋጩን ሣር ከመራራው ከእኛ በላይ ትለያለች፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ስንት እንደምትበላ ግን የሚወስነው የሣሩ ቁመት ነው። ቁመቱን ደግሞ የምንወስነው እኛ ነን፣ መቼ እንደምናስገባና መቼ እንደምናስወጣ።

የሚከተለው አንድ ሁለት ላም፣ ጥንድ በሬ፣ ጥቂት ዋሸራ በግ፣ ምናልባትም አንድ በቅሎ ላለው ሰው ነው። ማለትም ለአብዛኞቻችን።

መጀመሪያ አፏን እዩት

ላም ስትግጥ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላም ከፊት የላይ ጥርስ የላትም። ምላሷን ታወጣለች፣ ሣሩን ጠቅልላ ወደ አፏ ትስባለች፣ በታች ጥርሷና በላይ ድዷ መሀል ይዛ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትበጥሰዋለች። ምላሷ የሚጠቀልለው ካገኘ ጉርሻዋ ትልቅ ነው። ሣሩ ሁለት ጣት ብቻ ከሆነ ግን ምላስ ሥራ ይፈታል፣ በከንፈሯ መልቀም ትጀምራለች።

ሒሳቡን እንሥራው። ላም በደቂቃ 50 ጊዜ ገደማ ትጎርሳለች እንበል። በቀን 7 ሰዓት ከጋጠች 21,000 ጉርሻ ነው። እያንዳንዱ ጉርሻ ውሃው ወጥቶ በደረቁ ሲሰላ 0.3 ግራም ቢሆን በቀኑ 6 ኪሎ ከ300 ግራም ይሆናል። ሣሩ አጭር ሆኖ ጉርሻው በግማሽ ከቀነሰ ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ሰዓቱ ያው፣ ድካሙ ያው፣ እረኛው ያው። ላሟ የቀረውን ለማካካስ ረዘም ያለ ሰዓት ልትግጥ ትሞክራለች፣ ግን ማመስኳትም አለባት፣ ማረፍም አለባት፣ እኛ ደግሞ 11 ሰዓት ሲል ነድተን እናስገባታለን።

ስለዚህ «ብዙ ሰዓት ሜዳ ላይ ትዋል» መፍትሔ አይደለም።

ስንዝር ሲሞላ ግቡ፣ ጋት ሲቀር ውጡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህቺን ያዙ። መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፣ እጃችሁ ይበቃል።

ሣሩ መሀል ገብታችሁ እጃችሁን መሬት ላይ አቁሙ። ሣሩ አንድ ስንዝር፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከደረሰ ከብቱ ይግባ። ተግጦ አንድ ጋት፣ ማለትም አውራ ጣት ሳይቆጠር የአራት ጣት ወርድ፣ ከቀረው ይውጣ። አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ፤ አሥር አሥራ አምስት ቦታ እየተራመዳችሁ ለኩ። እበት ዙሪያ ያለውን ተዉት፣ ከብት እዚያ ስለማይበላ ሁልጊዜ ረጅም ነው፤ ያታልላችኋል።

ጋት የሚቀረው ለምንድን ነው? ያቺ የቀረችው ቅጠል የሣሩ ምጣድ ናት። ምግቡ በፀሐይ የሚበስለው እዚያ ላይ ነው። ሙልጭ አድርጋችሁ ካስጋጣችሁት ሣሩ ሥሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ስንቅ አውጥቶ ነው የሚያቆጠቁጠው፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገማችሁበት ደግሞ ስንቁ ያልቅና ጥሩው ሣር ጠፍቶ ሜዳውን ከብት የማይነካው አክርማና እሾህ ይወርሰዋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የሚመጣው ነው። የተጋጠው ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ከብቱም ያደገውን ሣር አልፎ እሱኑ ይፈልጋል፣ መልሶ ይበጥሰዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ከሦስት ቀን በላይ አታቆዩ። አንዴ የተጋጠውን ደግሞ በክረምት ቢያንስ አራት ሳምንት አሳርፉት። ዝናቡ ሲወጣ ዕድገቱ ስለሚቀንስ ዕረፍቱም ይረዝማል። ያኔ ቀን መቁጠር ትታችሁ ስንዝራችሁን እመኑ።

ሰኔ ላይ አትቸኩሉ። ግንቦት ሙሉ ገለባ ያየ ከብት የመጀመሪያዋን ለምለም ሲያይ እንደሚያብድ አውቃለሁ። አንጀት ይበላል። ግን ያኔ ሣሩ ጣት አይሞላም፣ መሬቱም ጭቃ ነው፤ ከብቱ ከሚበላው የሚረግጠው ይበልጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት በጭድ ግፉ።

አሁን ስንት እንደሚበላ እንመዝን

እዚህ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ አትሽሹ። ከብት በቀን ከክብደቱ መቶኛ ሁለት ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 250 ኪሎ ለምትመዝን የአገር ላም 6 ኪሎ ከሩብ መሆኑ ነው። የክረምት ሣር ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ፣ አንዱ ብቻ ደረቅ ነገር። ስለዚህ ላሟ 31 ኪሎ ገደማ እርጥብ ሣር ያስፈልጋታል። ማታ አንድ እቅፍ ሣር ወርውራችሁ «አበላኋት» የምትሉ፣ እቅፉን አንዴ ሚዛን ላይ አውጡትና እዩት።

ሜዳችሁ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ አራት እንጨት አስራችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ሥሩ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ (እርጥብ ከሆነ ሚዛኑ ይዋሻል) ሜዳው ላይ አምስት ቦታ ጣሉት። ጥሩውን ብቻ አትምረጡ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወርውሩት ብል ይሻላል። ካሬው ውስጥ ያለውን ሣር ጋት እያስቀራችሁ በማጭድ እጨዱ፣ መዝኑ፣ አማካዩን ያዙ።

600 ግራም ወጣ እንበል። 31 ኪሎውን ለ0.6 ስናካፍል 52 ካሬ ሜትር። ግን ትረግጣለች፣ ትተኛበታለች፣ እበት ትጥልበታለች። ከአሥር እጅ ሦስቱን ለዚህ ተዉላት። ስለዚህ በቀን 75 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋታል ማለት ነው።

ገመዱ

75 ካሬ ሜትር እንዴት ነው የሚለካው? በገመድ። ገመድ ችካል ላይ ስታስሩ ላሟ ክብ ነው የምትሠራው። አምስት ሜትር የሚደርስ ገመድ 78 ካሬ ሜትር ይሰጣል። አያችሁት? አንድ ላም፣ አንድ ቀን፣ አምስት ሜትር።

ከታሰረችበት እስከ አፏ ጫፍ ያለው ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚጨምር ገመዱን ራሱን 9 ክንድ አድርጉት፣ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። ሣሩ በግማሽ ቢቀንስ ገመዱን እጥፍ አታድርጉት። ገመድ እጥፍ ሲሆን ቦታው አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። አምስቱን ሰባት ብታደርጉት ቦታው 154 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ እጥፉን አገኛችሁ ማለት ነው። ሁለት ሜትር ብቻ! በተቃራኒው «ትንሽ ነፃነት ይሰማት» ብላችሁ አሥር ሜትር ከለቀቃችሁላት የአራት ቀን ቀለብ በአንድ ጊዜ ዘረጋችሁላት። ጫፍ ጫፉን ቀጥፋ ቀሪውን ትረግጠዋለች፣ በነጋታው ደግሞ የረገጠችውን አትበላም።

ከተቻላችሁ የቀኑን ቦታ ሁለት ጊዜ ክፈሉት። ጠዋት አንድ ቦታ አጠር አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከሰዓት ችካሉን አንሡና ወደ አዲስ ሣር። ከብት ችካል ሲነቀል እንዴት እንደሚነቃቃ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ተኝታ የነበረችው እንኳን ተነሥታ ትጠብቃለች። በክቦቹ መሀል ሳይጋጥ የሚቀረውን ሣር አጭዳችሁ ማታ ለጥጃዋ ስጡ። እያንዳንዱን ክብ በአሥር በአሥር ካሬ ብታስቡት ለ30 ቀን 3,000 ካሬ ሜትር ለአንድ ላም ይበቃል፤ ከአንድ ጥማድ ትንሽ ያልፋል። በ31ኛው ቀን የመጀመሪያው ክብ ላይ ስንዝር ሞልቶ ታገኙታላችሁ፣ ዝናቡ ካልከዳ።

ጥንቃቄውን በአጭሩ፦ ገደል፣ ቦይና ዛፍ አጠገብ አትሰሩ። ችካሉ አናት ላይ የሚዞር ቀለበት ካለ ገመዱ አይጠመዘዝም። ቀትር ላይ ፈትታችሁ ውሃ አጠጡ፣ ጥላ ሥር አሳርፉ። ውሃ ያልጠጣች ላም ሣር አትበላም፣ ወተቱም ማታ ይነግራችኋል።

ማን ይቅደም?

ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ጥገቷ ከአህያ ጋር ትሻማለች። በተራ አድርጉት። መጀመሪያ የምትታለበው ላምና ጥጃዎቹ ከላይ ያለውን ለጋውን ይብሉ። ቀጥሎ በሬዎችና የደረቀች ላም። መጨረሻ በግ። በግ ከንፈሯ ቀጭን ነው፣ ላም ያስቀረችውን ለቅማ ትጠግባለች። ግን እሷም ገደብ አላት፤ ሁለት ጣት ከመድረሷ በፊት አስወጧት፣ አለዚያ ሥሩን ትጨርሰዋለች። የእርሻ ወቅት ሲሆን ተራውን ቀይሩት፣ የሚጠመድ በሬ ከደረቀች ላም ጋር አይሰለፍም።

መስከረም፦ ማገጥና ሆድ መንፋት

እስካሁን ያወራነው እንድትበላ ስለማድረግ ነው። አሁን እንዳትበላ።

መስከረም ላይ ጨፌው ሁሉ ማገጥ፣ ያ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ለምለም ተክል፣ ይሆናል። ማገጥ ምርጥ መኖ ነው፣ ወተት ያበዛል። የራበው ከብት በጤዛ ከገባበት ግን ሆድ ውስጥ አረፋ ይሠራል፣ ጋዙ መውጫ ያጣል። እኔ አንድ ዓመት የመስቀል ሰሞን፣ ቤት ውስጥ ሽር ጉድ ስለነበረ፣ ጊደሬን በጠዋት ምንም ሳላቀምስ አንድ ለምለም ጨፌ ላይ አስሬያት ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልጅ እየሮጠ መጣ። ደርሼ ሳያት የግራ ጎኗ ከጀርባዋ በላይ ወጥቷል፣ ስትመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ምላሷን አውጥታ ትተነፍሳለች። ተርፋለች። ግን የዚያን ዓመት ደመራ እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ማገጥ የበዛበት ቦታ ከመውሰዳችሁ በፊት ጭድ ወይም ድርቆሽ አብሏት፣ ግማሽ ሆዷ ይሙላ። ጤዛው እስኪረግፍ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ጠብቁ። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመራችሁ በሳምንት በአሥር ቀን ወደ ሙሉ ቀን አድርሷት። የከብት ሆድ አዲስ መኖ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ገመዱን አሳጥሩ፤ ገመድ ባጠረ ቁጥር ቅጠሉን ብቻ መርጣ ከመብላት ግንዱንም ትበላለች።

ከተነፋች ወዲያው ከሣሩ አውጧት። የፊት እግሮቿ ወደ ዳገት ሆነው ትቁም፣ ትንሽ አራምዷት። እንጨት እንደ ልጓም አፏ ውስጥ አግድም ብታስሩ ታኝከዋለች፣ ምራቋ ይመጣል፣ ጋዙም ይወጣል። ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ አድርጋችሁ አጠጧት፣ አንገቷን ወደ ላይ ሳታጥፉ፣ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። ይህን እያደረጋችሁ ሌላ ሰው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥራ። ቢላ ይዞ «ልብሳው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ባለሙያ መምጣት ከቻለ አትፍቀዱ።

ከብቱን ማንበብ

ማታ ማታ በግራ በኩል ከኋላዋ ቁሙ። ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ ቦታ አለ። ጠልቆ እጃችሁን የሚውጥ ከሆነ ላሟ አልበላችም፣ ነገ ገመድ ጨምሩ። ለጥ ብሎ ከሞላ ጥሩ ነው። ካበጠ ከላይ ያለውን እንደገና አንብቡ።

ሁለተኛው ምስክር እበቱ ነው። ጥሩ እበት ገንፎ ይመስላል፣ መሀሉም እንደ ገንፎው የቅቤ ጉድጓድ ጎድጎድ ያለ ነው (ገንፎ ለምትወዱ ይቅርታ)። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ለጋው በዝቷል፣ ጭድ ጨምሩ። ተከምሮ ከደረቀ ደግሞ መኖው ደረቅ ነው፣ ወይም ውሃ አልጠጣችም።

ፈረስና በቅሎ

ፈረስ የላይም የታችም የፊት ጥርስ አለው። እንደ መቀስ ነው፣ እስከ አፈሩ ይቆርጣል። አያመሰኳም፣ ስለዚህ ሲበላ ውሎ ሲበላ ያድራል። አዊ ውስጥ ጥር 23 ለሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ፈረስ የሚያወጣ ሰው ክረምት ላይ ያለሥራ ለምለም መስክ ላይ ከተወው የሚያገኘው አንገቱ ላይ ስብ የቆለለ ሰነፍ ነው። ከዚያ የሚብሰው ሰኮናው ነው፤ በለምለም ሣር የሰባ ፈረስ የሰኮና ውስጥ ብግነት ይይዘዋል። ሰኮናው ይሞቃል፣ ክብደቱን ወደ ተረከዙ ጥሎ ይቆማል፣ መራመድ ይፈራል።

ሰዓት መቀነስ ብቻውን አይሠራም። ፈረስ ሰዓቱ አጭር መሆኑን ሲለምድ በዚያችው ሰዓት ያግበሰብሳል። ላሞች ጨርሰው የወጡበት ቦታ ላይ አጭር ገመድ ይሻላል፣ ቀሪውን ጊዜ ድርቆሽ ያኝክ። ሙሉ ቀን አስርባችሁም አትቅጡት፣ ባዶ ሆድም ለፈረስ በሽታ ነው። በቅሎም እንዲሁ።

ከጥቅምት በኋላ

ለክረምቱ ግጦሽ የማትፈልጉትን ክልክል ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ሣሩ ግማሹ ሲያብብ እጨዱት። ኅዳር ድረስ ያቆየ ሰው ክምሩ ትልቅ ነው፣ ግን እንጨት ነው።

ቃርሚያ ላይ ከረገፈ እህል ተጠንቀቁ። በግ የገብስ ወይም የበቆሎ ጥርግራጊ ላይ ከወደቀች ሆዷ ይመርዛታል፤ መጀመሪያ አግጣችሁ አጥግቧት፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓት አስገቧት። ቆላ ላላችሁ፣ ዓባይ ሸለቆ አካባቢ፣ ከታጨደ ማሽላ ሥር የሚያቆጠቁጠውን ለጋ አታስነኩ። መርዝ አለው፣ ከብት በደቂቃዎች ይገድላል።

ከየካቲት ወዲያ ነገሩ ይገለበጣል። ሣርና ጭድ ቢኖርም ላሟ ብዙ አትበላም። ጠግባ አይደለም። ደረቅ መኖ ሆድ ውስጥ ቶሎ አይፈጭም፣ የበላችው ሳይወርድ ሌላ አይገባም፣ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ያኔ ገመድ ማስረዘም ዋጋ የለውም። የሚረዳው ትንሽ ገንቢ ነገር ነው፦ ወይና ደጋ ከሆናችሁ የሰስባንያ ቅጠል፣ ጮቄ ግርጌ ከሆናችሁ የትሪ ሉሰርን ቅጠል (ሁለቱም የመኖ ዛፎች ናቸው)፣ ወይም አንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ። ያን ስትጨምሩ ጭዱንም ራሱን አብልጣ ትበላለች። እርከን ላይ ደሾ ሣር የተከለ ደግሞ በዚህ ወር ይስቃል። ከጨንቻ የመጣ ሣር ነው፣ የእኛም አፈር ተስማምቶታል።

መሬቱ የወል ከሆነስ?

አብዛኛው ግጦሽ የወል ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ሣሩን ላሳርፍ ብል የጎረቤቴ ከብት ይበላዋል። ይህ ትልቁ ጣጣ ነው፣ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍም ሜዳውን እያጠበበው ሄዷል። ቀበሌውን ሁሉ ለማሳመን አትነሡ። ከብታቸው ከእናንተ ጋር የሚውል አራት አምስት ቤተሰብ ይበቃል። አንድ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ተቀመጡ፣ ቡና ይፈላ፣ ሜዳውን በድንጋይ ምልክት አራት ቦታ ክፈሉት። እያንዳንዱ ክፍል ሳምንት ይጋጥ፣ ሦስት ሳምንት ይረፍ። ለየብቻ ከማሰር ይከፋል፣ ካለመክፈል ግን እጅግ ይሻላል። ደንብ የጣሰ ምን እንደሚከፍል እዚያው ወስኑ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ሰው ሁሉ ሳይናደድ። እረኝነቱንም ተራ አድርጉት፤ አምስት ልጅ ከትምህርት ከሚቀር አንድ ትልቅ ሰው በቀኑ ይውጣ።

እኛ መጀመሪያ የተጣላነው አራተኛው ክፍል ላይ ነው። ውሃ ስላለው ሁሉም ወደዚያ ይነዳል። በመጨረሻ ወደ ውሃው የሚወስድ ጠባብ መንገድ ከግጦሹ ለይተን ተውን፣ ከብቱ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ሣሩን አይነካም።